ከሌሊቱ ስንት ሰዓት ነው? ለሚባንን ልጅ መፍትሔ ስንመርጥ

ልጄ ሰባት ዓመት በሞላት ሰሞን ነው። ማታ 5 ሰዓት ገደማ ከመኝታዋ ጩኸት ሰማሁ። ሮጬ ስገባ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላለች። ዓይኗ ፈጧል፤ እኔን ግን አታየኝም። ላብ በላብ ሆናለች። ላቅፋት ስል ገፈተረችኝ። እናቴ ያን ሰሞን ልትጠይቀን መጥታ ነበር። ነጠላዋን እየደረበች ተከተለችኝና «ዱካክ ነው ልጄ፤ አማትብና ቀስቅሳት» አለች። አማተብኩ። ቀሰቀስኳት። ባሰባት።

ጠዋት ላይ ልጅቷ ምንም አታስታውስም። ቁርሷን በልታ፣ ቦርሳዋን አንግታ፣ ባጃጁ ላይ ዘላ ወጣች። ዓይናችን አብጦ የዋልነው እኛ ነን።

ከዚያ ምክሩ ጎረፈ። ባሕር ዳር ቡና ከተጠጣ ምክር በነፃ ነው። አንዱ «ጠበል አስጠምቋት» ይላል። አንዷ «አብራችኋት ተኙ፣ ያልፍላታል» ትላለች። «የጉንፋን ሽሮፕ ትንሽ ቅመስ አድርጋት» ያለም አለ። አሜሪካ ያለች ዘመዳችን ደግሞ የእንቅልፍ ከረሜላ ላከች። ከእነዚህ ውስጥ ለአንዱ ልጅ የሚሆነው ለሌላው አይሆንም። እኔን የረዳኝ መጨረሻ ላይ የግድግዳ ሰዓት ነው። ልጅ የሚባንንበት ሰዓት የምክንያቱን ግማሽ ይነግራችኋል። ስለዚህ መፍትሔዎቹን የማወዳድረው በሰዓት ከፋፍዬ ነው።

ከምሽቱ 4 እስከ 6 ሰዓት፦ ይቀስቀስ ወይስ ይተው?

ጣናን የሚያውቅ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። ዳር ዳሩ እስከ ጉልበት ነው፤ ወደ መሃል ሲገባ 14 ሜትር ገደማ ይጠልቃል። የልጅ እንቅልፍም ጥልቀቱ አንድ አይደለም። በጣም የሚጠልቀው በሌሊቱ መጀመሪያ ሲሶ ነው። 2 ሰዓት ተኩል ላይ የተኛ ልጅ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ድረስ መሃል ሐይቅ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ጮኾ የሚነሳ ልጅ አልነቃም። ግማሽ አንጎሉ ነቅቶ ግማሹ ተኝቷል። ሐኪሞች ናይት ቴረር ይሉታል። በእንቅልፍ ልቡ ተነስቶ የሚሄደው ልጅም የዚሁ ዘመድ ነው። ሁለቱም ብዙ ጊዜ በዘር ይመጣሉ። (እናቴን ጠየቅኳት። እኔም ልጅ ሆኜ ሌሊት ተነስቼ በር እከፍት ነበር አሉ። እስከዚያች ቀን ማንም አልነገረኝም።)

ምርጫችሁ ሦስት ነው።

የመጀመሪያው ቀስቅሶ ማረጋጋት ነው። ሁላችንም የምንሮጥበት ይሄ ነው፤ ከሦስቱም የከፋው እሱ ነው። ልጁ መሃል ሐይቅ ላይ ሳለ ጎትታችሁ ልታወጡት ነው። ግራ ይገባዋል፤ ይታገላል። አምስት ደቂቃ የነበረው ሃያ ይሆናል።

ሁለተኛው አጠገቡ ሆኖ መጠበቅ ነው። እንዳይወድቅ፣ እንዳይጋጭ ብቻ ትጠብቃላችሁ። ለስለስ ባለ ድምፅ «አለሁ፣ አለሁ» ማለት ይበቃል። ብዙ ጊዜ በጥቂት ደቂቃ፣ ሲበዛ በሩብ ሰዓት ገደማ ያልፋል። ከዚያ ይተኛል። ጠዋት አታንሱበት። እሱ የማያውቀውን ፍርሃት ለምን ትነግሩታላችሁ? ለታናናሾቹም እንዳይቀልዱበት ንገሯቸው።

ሦስተኛው ቀድሞ መንካት ነው። በየሌሊቱ በአንድ ሰዓት ለሚመጣበት ልጅ ነው የሚሆነው። ለአንድ ሳምንት ሰዓቱን ትመዘግባላችሁ። ሁልጊዜ 5 ሰዓት አካባቢ ከሆነ፣ 4 ሰዓት ከ40 ገደማ ላይ ገብታችሁ ቀስ አድርጋችሁ ትነካኩታላችሁ። ዓይኑን ገለጥ አድርጎ ካጉተመተመ በቂ ነው፤ መልሶ ይተኛ። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ድረስ በየቀኑ ይደረጋል። ጉዳቱ ለወላጅ ነው፤ ይደክማል። ሰዓቱ ለሚዘበራረቅ ልጅ ደግሞ አይሠራም።

እኔ ብጠየቅ ከሁለተኛው ጀምሩ እላለሁ፤ ከእሱ ጋር ግን የመኝታ ሰዓቱን በግማሽ ሰዓት ቀደም አድርጉት። የዚህ ነገር ትልቁ ማገዶ የእንቅልፍ እጥረት ነው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ያህል መተኛት አለበት። የጠዋት ፈረቃ ተማሪ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የሚነሳ ከሆነ፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ ተከታታይ ድራማ አብሮን ማየት የለበትም። የእኛ ቤት ጥፋት ይሄ ነበር። ድራማውን ትተን በ2 ሰዓት ተኩል ማስተኛት ስንጀምር ጩኸቱ በሳምንት አራቴ የነበረው ወደ አንዴ ወረደ። ሦስተኛውን አማራጭ ሳንሞክረው ቀረ።

ስለ ጠበልም ልናገር። ሂዱ አትሂዱ የምል ሰው አይደለሁም፤ እናቴ ይህን ጽሑፍ ታነባለች። ነገር ግን ልጁን ሌሊት 10 ሰዓት ቀስቅሳችሁ ሰባት ቀን በተከታታይ ብትወስዱት፣ ያጣው እንቅልፍ ማታ መልሶ ያስጮኸዋል። በእረፍት ቀንና ከነጋ በኋላ ይሁን። መድኃኒት የጀመረ ልጅ ካላችሁ ደግሞ ጠበል ጀመርን ብላችሁ መድኃኒቱን አታቋርጡ።

በእንቅልፍ ልቡ የሚሄድ ከሆነ ቤቱን አስተካክሉ። የውጭ በር ይቆለፍ፤ ቁልፉ ከፍ ይበል። ቡና የተፈላበት የከሰል ምድጃ መተላለፊያ ላይ አይደር። ተደራራቢ አልጋ ካላችሁ ላይኛውን ለወንድሙ ስጡት።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ፦ የማን አልጋ ላይ?

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ «አባዬ» እያለ ትራሱን አቅፎ የሚመጣ ልጅ ሌላ ጉዳይ ነው። ይሄ ነቅቷል። ያያችኋል፣ ያቅፋችኋል፣ ያየውን ሕልም ይነግራችኋል። ሕልም ወደ ንጋት ስለሚበዛ ቅዠትም ያኔ ነው የሚበዛው። እዚህ ጋ መጠበቅ ሳይሆን ማቀፍ ነው የሚሠራው።

ምንም ሳይቃዥ ነቅቶ የሚመጣም አለ። ሁላችንም ሌሊት ደጋግመን ለአፍታ እንነቃለን፤ ትራስ ገልብጠን ስለምንተኛ አናስታውሰውም። ማታ የእናቱን ክንድ ተንተርሶ የተኛ ልጅ ግን ሲነቃ ክንዱ የለም። እናንተ ሌሊት ብትነቁና ትራሳችሁ ቢጠፋስ? ብድግ ብላችሁ ትፈልጋላችሁ። እሱም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ስለዚህ የሌሊቱ ችግር የሚፈታው ማታ ነው። ያለ ክንዱ መተኛት የለመደ ልጅ ሌሊትም ያለ ክንዱ ይተኛል።

አማራጮቹ እነዚህ ናቸው።

ወደ እናንተ አልጋ ማስገባት። ይሄን እንደ ጥፋት የሚያዩ የውጭ መጻሕፍት አሉ። እኔ አልስማማም። እኛ አገር ስንቱ ነው ከወላጁ፣ ከአያቱ፣ ከወንድሙ ጋር ተኝቶ ያደገው? ሁላችሁም ተስማምታችሁ ሁላችሁም የምትተኙ ከሆነ ችግር የለም፤ ማንንም አትስሙ። ችግር የሚሆነው ሳትመርጡት ሲሆን ነው። አባት ሶፋ ላይ፣ እናት በአልጋው ጠርዝ፣ ልጅ መሃል ላይ እንደ መስቀል ተዘርግቶ። ከዚያ ሌሊት በኋላ ማንም ለማንም ትዕግሥት የለውም።

በእናንተ ክፍል ወለል ላይ ትንሽ ፍራሽ ማንጠፍ። ልጁ ሲነቃ ሳይቀሰቅሳችሁ ቀስ ብሎ ገብቶ ይተኛል። ርካሽ ነው፤ ጸብ የለውም፤ ብዙ ልጆች በራሳቸው ጊዜ ይተውታል። ጎንደር ወይም ደብረ ታቦር ብትሆኑ መጀመሪያ የምመክራችሁ ይህን ነበር። እኛ ግን ያለነው 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ሐይቅ ዳር ነው። ልጁ የራሱን አልጋ ትቶ ሲመጣ አጎበሩንም ትቶ ነው የሚመጣው። የወባ ትንኝ ደግሞ ሌሊት ነው የምትናከሰው። ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ፍራሹን የምታነጥፉ ከሆነ ከላዩ ሁለተኛ አጎበር ስቀሉ፤ ጫፉን ከፍራሹ ስር ሸጉጡት። ልጁ ተገላብጦ መረቡ ላይ ከተለጠፈ ትንኟ በመረቡ ቀዳዳ ትነድፈዋለች፤ ሰፋ ያለ ይሁን።

እናንተ ወደ እሱ መሄድ። በጣም አድካሚው ነው፤ ውጤቱ ግን በጣም የሚቆየው እሱ ነው። ማታ ሲተኛ አልጋው አጠገብ ወንበር ላይ ትቀመጣላችሁ። ወሬ የለም፣ ስልክ የለም። ከሦስት አራት ቀን በኋላ ወንበሩ ወደ ክፍሉ መሃል ይሄዳል። ከዚያ ወደ በሩ። ከዚያ ከበሩ ውጪ። ሌሊት ከነቃም መልሳችሁ ወደ አልጋው ወስዳችሁ በዚያ ቀን ወንበሩ ባለበት ቦታ ትቀመጣላችሁ። ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል። የሚያበላሸው «ዛሬ ብቻ» የምትለው ቃል ናት። አያት ቤት ሲመጡ በተለይ።

ለጥያቄ ለሚያበዛ ልጅ አራተኛ መንገድ አለ። «ውኃ ጠማኝ»፣ «ሽንቴ መጣ»፣ «አንድ ነገር ልንገርሽ» ለሚለው ማለቴ ነው። ከካርቶን አንድ ካርድ ትቆርጡለታላችሁ። በሌሊት አንድ ጊዜ ብቻ በካርዱ መውጣት ይችላል። ካርዱን አስረክቦ የፈለገውን ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ መውጫ የለም። የሚገርመው ነገር፣ መውጣት እንደሚችል ሲያውቅ መውጣት ይቀራል። የእኔዋ በሦስተኛው ቀን ካርዷን ትራሷ ስር ደብቃ «ለነገ አስቀመጥኩት» አለችኝ። ሁለት ካርድ ያልፈቀድኩት በጭንቅ ነው።

የእኔ ምርጫ ይሄ ነው። ለቅዠት ሌሊቱን እቅፍ አድርጎ ወደ ራሱ አልጋ መመለስ። ለልማድ ወንበሩ። ለሰበበኛ ካርዱ። ፍራሹ እኛ ለታመምንበትና አቅም ላጣንበት ሳምንት።

ቅዠቱ ከተደጋገመ ሥራው ቀን ላይ ነው። ሕልሙን ያስሉት፤ ከዚያ መጨረሻውን እንዲቀይር አድርጉ። ልጄ ጉማሬ ከሐይቁ ወጥቶ ያሳድዳት ነበር። ሥዕሉ ላይ ታንኳ ጨመረች፤ ራሷን ታንኳው ላይ አስቀመጠች፤ ለጉማሬው ደግሞ ሙዝ ወረወረችለት። ጉማሬ ሙዝ ይብላ አይብላ አልተከራከርኩም። ከመተኛቷ በፊት ሳይሆን ከሰዓት ላይ ደጋግማ ተረከችው። ጉማሬው አሁንም ይመጣል፤ ግን ይበላና ይሄዳል አለችኝ።

ባለፉት ዓመታት የተኩስ ድምፅ ሰምተው ያደሩ ልጆች አሉን። ይሄ ጉማሬ አይደለም። ለእንዲህ ያለ ልጅ «ምንም የለም፣ ተኛ» አትበሉት። የሰማውን ሰምቷል። «ሰማሁ፤ አሁን አብሬህ ነኝ፤ በሩ ተዘግቷል» የሚለው ይሻላል። በዚያ ሰሞን አብሮ መተኛት ከሁሉ የቀለለ ትክክለኛ ምርጫ ነው። ከወር በላይ ከዘለቀ፣ ቀንም የሚደነግጥ፣ ከቤት መውጣት የሚፈራ፣ መጫወት የተወ ከሆነ ባለሙያ ይየው።

ሰዓት የማይመርጥ መንቃት፦ ገላውን እዩ

ሌሊቱን ሙሉ የሚገላበጥ ልጅ ብዙ ጊዜ ሐሳብ ሳይሆን ገላ ነው የሚያስቸግረው። የሚያሳክክበትን ቦታ ለዩት። መቀመጫው አካባቢ ብቻ ከሆነ የሚያሳክከው፣ ነጭ ክር የመሰለች ትል ናት። እንቁላሏን የምትጥለው ሌሊት ወጥታ ነው። ከተኛ ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ በባትሪ ብታዩ ትታያለች። መድኃኒቱ በአንድ ፍሬ አያልቅም፤ ከ2 ሳምንት በኋላ ይደገማል፤ ቤተሰቡም አብሮ ይወስዳል። ጥፍር ማሳጠርና ጠዋት ማጠብም ከመድኃኒቱ ጋር አብረው ይሂዱ። በጣቶቹ መሃል፣ በእጅ አንጓውና በወገቡ ዙሪያ ከሆነ እከክ ነው። ለሁሉም የቤት ሰው ቅባት ይታዘዛል፤ አንሶላና ልብስ አብሮ ይታጠባል። ከመኝታ ልብስ ውጪ ባለው ቆዳ ላይ በመስመር የተደረደረ ንድፊያ ካያችሁ ግን ፍራሹን ገልብጡ። ትኋን ስፌትና የአልጋ መገጣጠሚያ ውስጥ ነው የሚደበቀው።

የሚያንኮራፋ ልጅ እኛ ዘንድ ይሳቅበታል፤ «እንደ አባቱ ነው» ይባላል። አልፎ አልፎ በጉንፋን ጊዜ ከሆነ እሺ። በየሌሊቱ ከሆነ፣ ትንፋሹ ቆም ብሎ በሲቃ የሚመለስ ከሆነ፣ አፉን ከፍቶ የሚተኛና የሚያልበው ከሆነ ግን ቶንሲሉና ከአፍንጫው በስተኋላ ያለው እብጠት መታየት አለባቸው። እንዲህ ያለው ልጅ ቀን ላይ እንቅልፋም ላይመስል ይችላል፤ ቀበጥባጣና ትኩረት የሌለው ነው የሚሆነው። መፍትሔው ብዙ ጊዜ በሆስፒታል ቶንሲሉን ማስወጣት ነው። እንጥል ማስቆረጥ ግን መፍትሔ አይደለም። መንደር ውስጥ በምላጭ የሚደረገው ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያመጣል፤ ማንኮራፋቱንም አያቆምም።

እግሩን እረፍት የሚነሳው፣ «ይበላኛል፣ ይወረኛል» እያለ የሚያወራጨው ልጅ ደግሞ ብረት አንሶት ሊሆን ይችላል። በምግብ ላይ የሚጠጣ ሻይ ብረቱ ወደ ሰውነት በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል።

ሻይን ካነሳሁ አይቀር፣ ማታ ሻይ በዳቦ ለልጅ መስጠት የተለመደ ነው። አመሻሽ ላይ የዘጌ ቡና ተፈልቶ «በረካዋን ለልጁ» ማለትም እንዲሁ። በሻይና በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ከተጠጣ 5 ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላም ግማሹ ሰውነት ውስጥ አለ። ሁለት ሳምንት ከቀትር በኋላ ሻይም ቡናም አቁማችሁ እዩ። ከምሞክረው ሁሉ የሚቀልለው እሱ ነው።

የረጠበ አልጋ

እዚህ ላይ መጀመሪያ ዱላውን እናስቀምጥ። ልጁ ሆን ብሎ አይደለም። በ7 ዓመታቸው ከ10 ልጆች አንዱ ገደማ አልጋ ላይ ይሸናል። ከእነሱ ውስጥ በየዓመቱ ከ100 ወደ 15 የሚሆኑት ያለ ምንም ሕክምና ይተዉታል።

ሌሊት ቀስቅሶ ማሸናት አንሶላውን ያድናል፤ ልጁን ግን አያስተምርም። እርጥበት ሲነካው የሚጮኸው ደወል ቀርፋፋ ነው፣ ሁለት ሦስት ወር ይፈልጋል፤ ግን የሚዘልቀው እሱ ነው። ዴስሞፕሬሲን የሚባለው እንክብል ፈጣን ነው፤ ሲቆም ብዙ ጊዜ ይመለሳል። የሚሰጠውም በሐኪም ነው፤ ማታ ውኃ ከመቀነስ ጋር። ለክፍል ጉዞ ወይም ዘመድ ቤት ለማደር እንክብሉ፣ ለዘለቄታው ደወሉ ይሻላል። ሆድ ድርቀት ካለ ከሁለቱም በፊት እሱ ይታከም።

ለወራት ደርቆ የቆየ ልጅ በድንገት መሽናት ከጀመረ፣ ውኃ አልጠግብ ካለና ከከሳ የዚያኑ ቀን ስኳሩ ይለካ።

በጠርሙስ የሚመጡት

የጉንፋን ሽሮፕ ለማስተኛት አትስጡ። አንዳንዱን ልጅ እንደውም ያቅበጠብጠዋል፤ የሚተኛውም ጥሩ እንቅልፍ አይተኛም። ከውጭ የሚላከው የሜላቶኒን (የእንቅልፍ ሆርሞን) ከረሜላ የተሻለ ይመስላል። በፈረንጆቹ 2023 የወጣ የአሜሪካ ጥናት 25 ዓይነት እንዲህ ያሉ ከረሜላዎችን መርምሮ ነበር። የ22ቱ መጠን ማሸጊያቸው ላይ ከተጻፈው ጋር አልገጠመም። አንዱ ከተጻፈው ከሦስት እጥፍ በላይ ነበረው፤ አንዱ ጭራሽ ሜላቶኒን አልተገኘበትም። ደግሞም ሜላቶኒን ቶሎ ለመተኛት እንጂ ሌሊት ላለመንቃት ብዙም አይረዳም። ዘመዳችንን አመስግኜ ዕቃውን ከፍ ያለ ቦታ አስቀመጥኩት። ከረሜላ መስሏቸው እንዳይጨርሱት።

ወደ ሐኪም መቼ?

ትኩሳት ያለው ልጅ ሌሊት ከባነነ እዚህ ከተማ ላይ አታመንቱ፤ ወዲያው ጤና ጣቢያ ሄዶ የወባ ምርመራ ያድርግ። በአንድ ሌሊት ደጋግሞ፣ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት እንቅስቃሴ የሚነሳ፣ ገላው የሚገተር ወይም በአንድ ጎን የሚንቀጠቀጥ፣ ለሀጩን የሚያዝረበርብ ከሆነ ናይት ቴረር ላይሆን ይችላል፤ የሚጥል በሽታም እንዲህ ይመጣል። ሌሊት ደጋግሞ የሚያስለውና የሚያፍነው፣ በእንቅልፍ ሲሄድ የተጎዳ፣ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ልጅም ይታይ። ከጤና ጣቢያ አልፎ የሕፃናት ሐኪም ካስፈለገ ከተማችን ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ጊዮንም የሚባሉ ሆስፒታሎች አሏት።

ስትሄዱ ሁለት ነገር ያዙ። አንዱ በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ነው፤ ሐኪሙ ቀን ላይ የሚያየው ልጅ ደህና ስለሆነ። ሌላው የሁለት ሳምንት የሰዓት ማስታወሻ ነው። ስንት ሰዓት ተኛ፣ ስንት ሰዓት ባነነ፣ ስንት ደቂቃ ቆየ። እኔ በችኮላ የጻፍኩት በልጄ የሒሳብ ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ ነበር። ሐኪሟ ሰዓቶቹን በጥሞና አነበበች። ከዚያ ገጹን ገለጥ አድርጋ «የማባዛቷ ሦስተኛ ጥያቄ ግን ተሳስታለች» አለችኝ።